ልጁ የደረሰበት ገጽ፦ በአዋሽ ሸለቆ የአነስተኛ ትምህርት ቤት ጥራት በምን ይለካል?

«የትምህርት ጥራት» የሚለው አነጋገር በየስብሰባው፣ በየሪፖርቱና በየግምገማው ከመደጋገሙ የተነሣ ትርጉሙ ለሁሉም ግልጽ የሆነ ይመስላል፤ ሆኖም አንዱ ጥራት ሲል ግብዓትን፣ ማለትም ሕንፃውን፣ ዴስኩን፣ መጽሐፉን፣ የመጠጥ ውኃውንና መጸዳጃ ቤቱን፣ ሌላው ሂደትን፣ ማለትም መምህሩ በክፍል ውስጥ የሚያደርገውንና ርእሰ መምህሩ ትምህርት ቤቱን የሚመራበትን መንገድ፣ ሦስተኛው ደግሞ ውጤትን፣ ማለትም ልጁ ተምሮ ያወቀውን ነገር ማለቱ ነው። ትምህርት ሚኒስቴር በ2006 ዓ.ም ሥራ ላይ ያዋለው የትምህርት ቤቶች ኢንስፔክሽን ማዕቀፍ ሦስቱንም በ26 ስታንዳርዶች ከፋፍሎ፣ ለግብዓት 25፣ ለሂደት 35፣ ለውጤት 40 በመቶ ክብደት ሰጥቶ ትምህርት ቤቶችን ከደረጃ አንድ እስከ ደረጃ አራት ይመድባል። አመዳደቡ ትክክል ነው፤ ለውጤት ትልቁን ድርሻ መስጠቱም ይገባል። ችግሩ የሚመጣው ትምህርት ቤቱ አነስተኛ ሲሆን ነው፤ ግብዓት በዓይን የሚታይና በቀላሉ የሚቆጠር በመሆኑ፣ ልጆቹ ምን እንደተማሩ ሳይጠየቅ ትምህርት ቤቱ በጣሪያውና በግድግዳው ተመዝኖ «ከደረጃ በታች» ተብሎ ይታለፋል።

እዚህ ላይ አነስተኛ ትምህርት ቤት የተባለው ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል ያሉት ተማሪዎቹ ተደምረው መቶ አካባቢ የሚሆኑ፣ ሁለት ወይም ሦስት መምህራን ያሉት፣ አንዳንዴም ሁለት ክፍሎች በአንድ ጣሪያ ሥር በአንድ መምህር የሚማሩበት ነው። ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ተነሥቶ በአሚባራ፣ በገዋኔ፣ በሚሌና በሎጊያ በኩል ሰመራ የሚያደርሰው ከ300 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ ግራና ቀኝ እንዲህ ያሉ ትምህርት ቤቶች ይገኛሉ፤ ከፊሎቹ በብሎኬት፣ ከፊሎቹ በጭቃና በቆርቆሮ የተሠሩ ናቸው፣ የተቀሩትም ዳስ ናቸው።

ሁለቱ የመንገዱ ጫፎች በጠባይ ይለያያሉ። አዋሽ ሰባት ኪሎ የባቡር ልጅ ናት፤ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1909 ዓ.ም አዲስ አበባ የደረሰው ሐዲድ ባቆማት ጣቢያ ዙሪያ አፋሩ፣ አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና ሌላውም ተሰባስቦ የመሠረታት፣ የገበያና የመንገደኛ ከተማ በመሆኗ ልጆቿ አማርኛን በመንገድ ላይ ይማሩታል። ሰመራ በአንጻሩ የመንግሥት ከተማ ናት፤ የክልሉ መቀመጫ ከአይሳኢታ ሲዛወር በሜዳ ላይ የተቆረቆረች፣ ቢሮዎቿና ዩኒቨርሲቲዋ ከነዋሪዎቿ ቀድመው የተሠሩ እስኪመስል ድረስ በዕቅድ የቆመች ናት። የሁለቱም ከተሞች ልጆች ግን ከከተማው ጥግ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ራቅ ብሎ በግመልና በፍየል መካከል ከሚያድገው ልጅ ይልቅ ወደ ትምህርት ቤት ቋንቋ የቀረቡ ናቸው፤ የአነስተኛው ትምህርት ቤት ደንበኛ ደግሞ በአብዛኛው ይኸኛው ልጅ ነው።

የትምህርት ውጤት ሲነሣ በኢትዮጵያ ቶሎ ወደ አእምሮ የሚመጣው የ12ኛ ክፍል ፈተና ነው። የ2014 ዓ.ም ፈተና ውጤት ይፋ ሲሆን ከተፈታኞቹ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 በመቶ፣ በማግሥቱ ዓመት ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ እንደነበሩ በተገለጠ ጊዜ አገሩ ደነገጠ፤ ነገር ግን የድንጋጤው ሰበብ ከዚያ ከ12 ዓመት በፊት ታይቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 በስድስት የአገሪቱ ቋንቋዎች በተካሄደው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ የሚሆኑት ለክፍላቸው ከተዘጋጀው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ ታውቋል። የዓለም ባንክ «የመማር ድህነት» ብሎ የሚጠራው መለኪያም፣ ማለትም በ10 ዓመቱ አጭርና ቀላል ጽሑፍ አንብቦ መረዳት የማይችል ልጅ ድርሻ፣ በኢትዮጵያ 90 በመቶ ገደማ ነው። በ12ኛ ክፍል የወደቀው ወጣት በብዛት የወደቀው ገና ሁለተኛ ክፍል ሳለ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከዚህ ሁሉ ቁጥር ውስጥ የአፋር አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባው አንድ ጉዳይ አለ። ያ የንባብ ምዘና የተካሄደባቸው ስድስት ቋንቋዎች ትግርኛ፣ ኦሮምኛ፣ አማርኛ፣ ሶማሊኛ፣ ሲዳምኛና ሐረሪኛ ሲሆኑ፣ ከምዘናው በኋላ በአሜሪካ ተራድኦ ድጋፍ የመጀመሪያ ክፍሎችን የንባብ መማሪያ መጻሕፍት እንደ አዲስ ያዘጋጀው ፕሮግራም ደግሞ በሰባት ቋንቋዎች፣ ማለትም በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ፣ በሲዳምኛ፣ በወላይትኛና በሐዲይኛ የሠራ ነው። አፋርኛ በሁለቱም ዝርዝር ውስጥ የለም። የተናጋሪ ብዛት እየታየ ገንዘብ ሲደለደል አነስተኛው ቋንቋ እንደ አነስተኛው ትምህርት ቤት ሁሉ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ይህ የማንም ክፋት ላይሆን ይችላል፣ ውጤቱ ግን በአንድ ልጅ አፍ ላይ ይታያል።

ውጤቱ በልጁ አፍ ላይ እንዴት እንደሚታይ ለመረዳት ንባብ ራሱ ምን እንደሆነ ማስተዋል ይጠቅማል። አእምሮ አዲስ የሰማውንና ያየውን ነገር ለጥቂት ሰከንዶች ብቻ ይዞ የሚቆይበት ክፍል አለው፤ የሥነ ልቡና ሊቃውንት «የሥራ ትውስታ» ይሉታል። ፊደል በፊደል እየቆጠረ፣ እየተንተባተበ የሚያነብ ልጅ የዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ሲደርስ መጀመሪያው ከዚህ ጠባብ ቦታ አምልጦታል፤ ስለዚህ ቃላቱን ሁሉ ድምፅ ሰጥቶ ጠርቷቸው ምን እንዳነበበ ቢጠየቅ ዝም ይላል። የሚያነበው በማያውቀው ቋንቋ ከሆነ ደግሞ ችግሩ እጥፍ ነው፤ ቃሉን ፈጥኖ ቢጠራው እንኳ ቃሉ የሚጠራው ነገር በአእምሮው ውስጥ የለም። መምህሩ «ያነባል» ብሎ በሮስተሩ ላይ ውጤት ይሞላለታል፤ ሮስተሩ ሲታይ ልጁ አልፏል፣ ልጁ ግን አላነበበም።

የአፋር ልጅ የሚገጥሙት የጽሕፈት ሥርዓቶች በቁጥር ምን ያህል እንደሆኑ ከቅርብ ሆኖ መመልከት ያስፈልጋል። መደበኛ ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ወይም ጎን ለጎን ቁርአን ቤት ሄዶ ከቀኝ ወደ ግራ የሚጻፈውን የዐረብ ፊደል በሎህ፣ ማለትም በእንጨት ሰሌዳ ላይ ይቆጥራል። ትምህርት ቤት ሲገባ አማርኛ ከግራ ወደ ቀኝ፣ በ33 ዋና ፊደላትና በየሰባት ቅርጻቸው ይጠብቀዋል። የራሱ ቋንቋ አፋርኛ ደግሞ ዲሚስና ሬዶ በተባሉ የአፋር ምሁራን ስም በሚታወቀው አጻጻፍ በላቲን ፊደል ይጻፋል። በመጨረሻም እንግሊዝኛ ያንኑ የላቲን ፊደል በሌላ ድምፅ ይዞ ይመጣል።

ግጭቱ ከቃል ወደ ቃል ይታያል። በአፋርኛ የፊደል ተራ ከ«ቢ» ቀጥሎ የሚመጣው «ሲ» አይደለም፤ «ቲ» ነው፣ ከዚያ «ኤስ»፣ ከዚያ «ኢ»፤ «ሲ» የሚመጣው ስድስተኛ ላይ ሲሆን ድምፁም ከጉሮሮ የሚወጣው «ሐ» ነው። እንግሊዝኛ «ኪው» የሚለው ፊደል በአፋርኛ «ዐ» ሆኖ ይነበባል፤ «ኤክስ» የሚባለው ደግሞ ምላስ ወደ ኋላ ታጥፎ የሚያወጣው «ደ» መሰል ድምፅ ነው። ስለዚህ ልጁ የሕዝቡን ስም «ዐፋር» ብሎ በቋንቋው ሲጽፍ በ«ኪው» ይጀምራል፣ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ግን ያው ስም በ«ኤ» ተጀምሮ ይጠብቀዋል። ውኃ ማለት የሆነው «ሌ» አናባቢው ረጅም በመሆኑ በአፋርኛ ፊደሉ ተደግሞ ይጻፋል፤ ያንኑ ጽሑፍ የእንግሊዝኛው መምህር «ሊ» ብሎ ያነበዋል። አማርኛም የራሱን እንቆቅልሽ ይጨምራል፤ ዐ እና ሐ በአማርኛ ፊደላቸው ቢኖርም ድምፃቸው ከአ እና ከሀ ጋር የተቀላቀለ ሲሆን፣ በአፋሩ ልጅ አፍ ውስጥ ግን ሁለቱም ድምፆች ሕያው ናቸው። አማርኛ ተናጋሪ ልጅ «ለምን ሁለት ሀ ያስፈልጋል?» ብሎ ሲጨነቅ አፋሩ ልጅ ልዩነቱን በጆሮው ያውቀዋል፤ ይህን የሚያውቅ መምህር ካገኘ እንቅፋት የመሰለው ነገር መሰላል ይሆንለታል፣ ካላገኘ ግን ልዩነቱን በመስማቱ ብቻ «ተሳስተሃል» ይባላል።

አፋርኛ ትምህርት ቤት ለመግባት የሄደው መንገድም ቀጥተኛ አይደለም። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ሲካሄድ አፋርኛ ከመካከላቸው አንዱ ነበር፤ የተጻፈውም በግእዝ ፊደል ነበር። የ1986 ዓ.ም የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ሲደነግግ ክልሉ የላቲኑን አጻጻፍ መረጠ፤ ሆኖም መጽሐፉና በቋንቋው የሠለጠነው መምህር በበቂ ባለመገኘታቸው፣ አብዛኞቹ መደበኛ ትምህርት ቤቶች ለረጅም ዓመታት በአማርኛ ማስተማር ቀጠሉ፣ አፋርኛም በዋናነት የአማራጭ መሠረታዊ ትምህርት ቋንቋ ሆኖ ቆየ። የካቲት 2012 ዓ.ም የሚኒስትሮች ምክር ቤት አፋርኛን ከተጨማሪዎቹ የፌዴራል የሥራ ቋንቋዎች አንዱ እንዲሆን ወስኗል፤ የቋንቋ ክብር ግን መጀመሪያ የሚረጋገጠው በአንደኛ ክፍል ተማሪ ቦርሳ ውስጥ ባለው መጽሐፍ ነው።

ትምህርት ሚኒስቴር አስጠንቶት እ.ኤ.አ. በ2007 የቀረበው የማስተማሪያ ቋንቋ ጥናት፣ ካትሊን ሂዩ፣ ካሮል ቤንሰን፣ ብርሃኑ ቦጋለና መኮንን ዓለሙ ገብረ ዮሐንስ ያካሄዱት፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ለረጅም ዓመታት የተማሩ ልጆች በስምንተኛ ክፍል በሒሳብና በሳይንስ ጭምር የተሻለ ውጤት እንደሚያመጡ አሳይቷል። ይህ ግኝት ወላጆችን ዘወትር ያሳስባል፤ አባት ልጁን ትምህርት ቤት የሚልከው አፋርኛ እንዲማር አይደለም፣ እሱንማ በቤቱ ያውቀዋል፣ ይልቁንም በአዋሽ ገበያ በአማርኛ፣ በወደፊት ሥራው ደግሞ በእንግሊዝኛ እንዳይታለል ብሎ ነው። ሥጋቱ ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ልጁ ማንበብ የሚባለውን ነገር አንድ ጊዜ፣ በሚገባው ቋንቋ ከተማረ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ቋንቋ ለማንበብ የሚፈጅበት ጊዜ እጅግ ያጥራል የሚለው ነው። ማንበብ እንደ ዋና ነው፤ በአንዱ ወንዝ የለመደ በሌላውም አይሰጥምም።

ስለ ልጁ የቋንቋ ችሎታ ሲነገር የሚዘነጋ ሌላ ሀብትም አለ፤ እሱም ዳጉ ነው። ዳጉ ሁለት አፋሮች በመንገድ ሲገናኙ ቆም ብለው ስለ ዝናቡ፣ ስለ ግጦሹ፣ ስለ ከብቱ ጤና፣ ስለ ሰላሙና ስለ ገበያው ያዩትንና የሰሙትን በሥርዓት የሚለዋወጡበት ባህላዊ የወሬ ልውውጥ ሲሆን፣ ጠያቂው የሰማውን ብቻ ተቀብሎ አይሄድም፤ ተናጋሪው ነገሩን በዓይኑ ያየው ይሁን ከሌላ የሰማው፣ ከሰማም ከማን እንደሰማው ይጠይቃል፣ ቀጥሎ ለሚያገኘው ሰውም ሳይጨምርና ሳይቀንስ ማድረስ ይጠበቅበታል። የሥርዓተ ትምህርት ባለሙያዎች «አንብቦ መረዳት» በሚሉት ርእስ ሥር የሚዘረዝሯቸው ችሎታዎች፣ ማለትም ዋናውን ሐሳብ መያዝ፣ በቅደም ተከተል መልሶ መናገር፣ ምንጭን መመርመር፣ እነዚህ ናቸው። በዳጉ ውስጥ ያደገ የሰባት ዓመት ልጅ ይህን ሁሉ በቃል ይዞ ክፍል ይገባል፤ ክፍል ውስጥ ግን መምህሩ በሰሌዳ ላይ የጻፈውን በጋራ እየጮኸ እንዲደግም ብቻ ሲታዘዝ ያ ችሎታ በር ላይ ይቀራል። አንዲት አጭር አንቀጽ አንብቦ ለጎረቤቱ ልጅ እንደ ዳጉ እንዲያደርስ፣ ጎረቤቱም «ይህን ከየት አገኘኸው? የትኛው መስመር ላይ ነው?» ብሎ እንዲጠይቀው ማድረግ ወጪ የሌለው የንባብ ትምህርት ነው።

ከቋንቋ ቀጥሎ ሁለተኛው ትልቅ ጉዳይ ጊዜ ነው። የትምህርት ዘመን መስከረም ተከፍቶ ሰኔ ይዘጋል፤ ይህ አቆጣጠር በደጋው የእርሻና የክረምት ሥርዓት ላይ የተመሠረተ ነው። የአፋር ዓመት ግን በሌላ ይከፈላል፤ ዋናው የዝናብ ወቅት ካርማ በክረምቱ ወራት ይመጣል፣ ጊላል የበጋው ቀዝቃዛ ጊዜ ነው፣ ሱጉም በመጋቢትና በሚያዝያ የሚጠበቀው አጭር ዝናብ ነው፣ ሐጋይ ደግሞ በግንቦትና በሰኔ የሚነደው ደረቅ ሙቀት ነው። የዓመቱ ማጠቃለያ ፈተና የሚውለው በሐጋይ ነው፤ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት፣ የቆርቆሮ ጣሪያ ከረፋድ ጀምሮ ክፍሉን ምድጃ በሚያደርግበት፣ ከብቱ ሣርና ውኃ ፍለጋ ወደ ወንዙ ዳር ወይም ወደ ሩቅ በሚነዳበት ወቅት ማለት ነው። ሱጉም ሲቀር ቤተሰቡ ከወትሮው ቀድሞ ይነሣል፣ ልጁም አብሮ ይነሣል።

በዚህ ጊዜ በመምህሩ የስም መጥሪያ ላይ የሚሆነውን ማየት በቂ ነው። በልጁ ስም ትይዩ የቀሪ ምልክት ለሁለት ሳምንት፣ ለሦስት ሳምንት ይደረደራል፤ ከዚያ ስሙ ላይ መስመር ይሰመርና «አቋረጠ» ተብሎ ይጻፋል። ልጁ ከሁለት ወር በኋላ ከመንጋው ጋር ሲመለስ ስሙ ተሰርዟል፤ በሚቀጥለው መስከረም እንደገና አንደኛ ክፍል ይመዘገባል፣ «ሀ» እና «ለ»ን እንደገና ይጀምራል፣ ሱጉም ሲደርስ እንደገና ይሄዳል። እንዲህ ያለ ልጅ ሦስት ዓመት አንደኛ ክፍል ተምሮ ከመጽሐፉ የመጀመሪያ ሩብ አልፎ ላያውቅ ይችላል። የሪፖርቱ ቋንቋ «የማቋረጥ መጠን» እና «የመድገም መጠን» ይለዋል፤ ልጁ ግን አላቋረጠም፣ አልደገመምም፣ ሥራው ላይ ነበር። የተቋረጠው በትምህርት ቤቱ ውስጥ የነበረው ቦታው ነው።

ይህ ችግር የአፋር ብቻ አይደለም፤ መፍትሔውም ተሞክሯል። በኮሎምቢያ ገጠር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ቪኪ ኮልበርት ከባልደረቦቿ ጋር የጀመረችው «ኤስኩዌላ ኑዌቫ»፣ ትርጉሙ አዲስ ትምህርት ቤት፣ አንድና ሁለት መምህራን ላሏቸው አነስተኛ ትምህርት ቤቶች የታሰበ ነበር፤ ልጆች በመምሪያ መጽሐፍ እየተመሩ በየራሳቸው ፍጥነት ይማራሉ፣ ለመኸር ሥራ የቀረ ልጅም ሲመለስ ካቆመበት ምዕራፍ ይቀጥላል እንጂ ዓመቱን አይደግምም። ዘዴው በብዙ ሺህ የአገሪቱ ገጠር ትምህርት ቤቶች ተስፋፍቶ ወደ ሌሎች አገሮችም ተሻግሯል። በአፋርም ከዚህ መንፈስ የሚቀራረብ ልምድ አለ፤ የአፋር አርብቶ አደር ልማት ማኅበር በአፋርኛ የሠለጠኑ መምህራን ከሰፈሩ ጋር አብረው እየተጓዙ በዛፍ ጥላ ሥር የሚያስተምሩበትን ዘዴ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ሠርቶበታል፣ የአማራጭ መሠረታዊ ትምህርት ጣቢያዎችም የሰዓትና የወቅት ልዩነትን ለመቀበል የታሰቡ ናቸው። ጉድለቱ የታየው በመገናኛው ላይ ነው፤ በተንቀሳቃሽ ጣቢያ ተምሮ የመጣን ልጅ መደበኛው ትምህርት ቤት በምን ደረጃ እንደሚቀበለው ብዙ ጊዜ ግልጽ አይደለም፣ ስለዚህ ያነበበ ልጅ ካላነበበ ጋር አንደኛ ክፍል ይቀመጣል።

መምህሩ ዘንድ ሲደረስ ነገሩ ሁሉ አንድ ቦታ ይገናኛል። በመጀመሪያ ክፍሎች አንድ መምህር ሁሉንም ትምህርት ለአንድ ክፍል የሚያስተምርበት አሠራር፣ መምህራኑ «ሰልፍ ኮንቴይንድ» የሚሉት፣ በአነስተኛ ትምህርት ቤት ታላቅ ጥቅም አለው፤ መምህሩ ልጁን ቀኑን ሙሉ ያየዋል፣ ማንኛው ልጅ በአማርኛ ዝም ብሎ በአፋርኛ እንደሚያስቅ፣ ማንኛዋ ልጅ ቁጥር ላይ ፈጣን ሆና ንባብ ላይ እንደምትዘገይ ያውቃል። ይህ ዕውቀት ግን በመምህሩ ጭንቅላት ውስጥ እንጂ በወረቀት ላይ የለም። ከደጋ የተመደበው ወጣት መምህር የበረሃ አበሉን እየቆጠረ አንድ ወይም ሁለት ዓመት ሠርቶ ዝውውር ሲያገኝ የልጆቹን ታሪክ ይዞት ይሄዳል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ከሮስተሩ ላይ 62 እና 71 የሚሉ ቁጥሮችን ብቻ ያገኛል፣ ቁጥሮቹም ልጁ የትኛውን ገጽ ማንበብ እንደሚችል አይነግሩትም። በአይሳኢታ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ የሚሠለጥነው የአካባቢው ልጅ ቋንቋውንም አገሩንም የሚያውቅ በመሆኑ የመቆየት ዕድሉ የተሻለ ነው፤ ክልሉ ከየትኛውም ሕንፃ በፊት ሊያሳድገው የሚገባ ተቋም ቢኖር ይህ ነው።

ገንዘቡም ለአነስተኛው አያደላም። በ2001 ዓ.ም የተጀመረው የአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም ለየትምህርት ቤቱ በተማሪ ቁጥር ልክ የሚሰላ ድጎማ ማድረጉ ትልቅ እርምጃ ነበር፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ለአንድ የመጀመሪያ ሳይክል ተማሪ የተመደበው 50 ብር ነበር። በዚህ ስሌት 2,000 ተማሪ ያለው የከተማ ትምህርት ቤት 100,000 ብር ሲያገኝ 100 ተማሪ ያለው 5,000 ብር ያገኝ ነበር፤ ነገር ግን ጠመኔውም፣ ሰሌዳውም፣ የውኃ ታንከሩም ለመቶ ልጅ ተብሎ በሃያ እጥፍ አይረክስም፣ የመኪና ኪራዩ ደግሞ ከመንገድ በራቀ ቁጥር ይጨምራል።

ስለ ምግብ ብዙ ማስረዳት አያሻም፤ የተራበ ልጅ አይማርም። የዓለም ምግብ ፕሮግራም በኢትዮጵያ የትምህርት ቤት ምገባ ከጀመረበት ከ1986 ዓ.ም ወዲህ በአርብቶ አደር አካባቢዎች ምሳው፣ ለሴት ልጆችም ወደ ቤት የሚወሰደው ዘይት፣ ክፍሉን ሲሞሉት ታይቷል። ምገባው ሲቋረጥ ክፍሉ በሳምንት ውስጥ ይሳሳል። ክፍሉን የሚያሳሳው ግን ረሃብ ብቻ አይደለም። በ2017 ዓ.ም በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች አካባቢ መሬት ደጋግማ ስትንቀጠቀጥ በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ ወረዳዎች ብዙ ሺህ ሰዎች ከቀያቸው ተነሥተው ወደ መጠለያ ሲሄዱ ትምህርት መቋረጡ፣ የአዋሽ ወንዝም በየክረምቱ ሲሞላ የዳር ሰፈሮችን ማፈናቀሉ፣ በዚህ ሸለቆ «ካቆመበት መቀጠል» የሚለው አሠራር ለአርብቶ አደሩ ልጅ ብቻ የሚያስፈልግ እንዳልሆነ ያሳያል።

አነስተኛ ትምህርት ቤቶችን አጥፎ ልጆቹን በወረዳ ከተማ በአንድ ትልቅ ትምህርት ቤት መሰብሰብ ይሻላል የሚል ክርክር አለ፤ ላቦራቶሪ፣ ቤተ መጻሕፍትና ልዩ ልዩ መምህራን በአንድ ቦታ ይገኛሉ ከሚል የመነጨ ነው። ለሰባተኛና ለስምንተኛ ክፍል ክርክሩ ሚዛን ይደፋል፤ ማደሪያ ያላቸው ትምህርት ቤቶችም ለዚያ ዕድሜ ይጠቅማሉ። ለሰባት ዓመት ልጅ ግን አይሠራም፤ እስከ ወረዳው ከተማ ያለውን ርቀት በዚያ ሙቀት በእግሩ አይሄድም፣ ወላጅም፣ በተለይ ሴት ልጁን፣ ከዓይኑ አያርቅም። ለመጀመሪያዎቹ አራት ክፍሎች ትምህርት ቤቱ ወደ ልጁ መቅረብ አለበት፤ ከቀረበም አነስተኛ መሆኑ የማይቀር ነው። ስለዚህ አነስተኛነትን እንደ ጉድለት ቆጥሮ ከመታገል ይልቅ ትልቁ ትምህርት ቤት የሌለውን ነገር፣ እያንዳንዱን ልጅ በስሙና በደረሰበት ገጽ ማወቅን፣ የጥራቱ መሠረት ማድረግ ይበጃል።

ይህንን ለመሥራት የሚያስፈልገው አንድ ገጽ ወረቀትና አንድ ደብተር ነው። በህንድ ፕራታም የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በሚያካሂደው የገጠር ጥናት በጎ ፈቃደኞች አንድ ወረቀት ይዘው ቤት ለቤት ይዞራሉ፤ በወረቀቱ ላይ ፊደላት፣ ቀላል ቃላት፣ አጭር አንቀጽና አንድ ታሪክ አሉ፣ ልጁም ከአራቱ የትኛው ላይ እንደሚቆም በጥቂት ደቂቃ ይታወቃል። በአፋርኛ እንዲህ ያለ ወረቀት ማዘጋጀት ለአይሳኢታው ኮሌጅና ለክልሉ ትምህርት ቢሮ ባለሙያዎች ከጥቂት ሳምንታት ሥራ አይበልጥም። ደብተሩ ደግሞ ለየልጁ አንድ መስመር የሚይዝ ነው፤ በየወሩ ንባቡ የትኛው ደረጃ ላይ እንደደረሰ፣ ወደ ግጦሽ ሲሄድም የተወው የትኛው ገጽ ላይ እንደሆነ ይጻፍበታል፣ መምህር ሲቀየር ከክፍሉ ቁልፍ ጋር ለተተኪው ይሰጣል፣ ስምም አይሰረዝበትም። የወላጅ መምህር ኅብረት ስብሰባ ሲደረግ አባትና እናት የማንበብ ችሎታ ባይኖራቸው እንኳ ልጃቸው ታሪኩን አንብቦ እንደ ዳጉ እንዲነግራቸው መጠየቅ ይችላሉ፤ የነገራቸው ነገር ከተያያዘ አንብቧል፣ ካልተያያዘ አላነበበም፤ ለዚህ የሱፐርቫይዘር መምጣት መጠበቅ የለባቸውም።

አንድን ልጅ በዚህ ወረቀት ለማስነበብ ሁለት ደቂቃ ይበቃል። በ2,000 ተማሪ ትምህርት ቤት ሥራው ከ66 ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ በ100 ተማሪ ትምህርት ቤት ግን 200 ደቂቃ ነው፣ ሁለት መምህራን ከተካፈሉት ደግሞ ለእያንዳንዳቸው አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ይደርሳቸዋል፤ ማለዳ ከተጀመረ ቆርቆሮው ሳይግል ያልቃል።